ቢዮርን ሊንድማን

ቢዮርን ሊንድማን በደቡባዊ ስዊድን በሚገኘው የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት የፊዚካል ኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩ የኮሎይድ ሳይንስ ተመራማሪ ናቸው። በኋለኛው ዘመናቸው በፖርቱጋል ከሚገኘው የኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ ጋርም በቅርበት ሠርተዋል። ምርምራቸው ከሳሙና መሰል ሞለኪውሎች ተነሥቶ፣ ለቀለም ማወፈሪያ በሚውሉ ፖሊመሮች በኩል አልፎ፣ ዲ.ኤን.ኤ እና ሴሉሎስ ላይ ደርሷል። ርዕሶቹ የተራራቁ ይምሰሉ እንጂ ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ ከፊሉ ውሃ የሚወድ፣ ከፊሉ ውሃ የሚሸሽ ሞለኪውል ውሃ ውስጥ ሲገባ ምን ቅርጽ ይይዛል? ቅርጹን የሚወስነውስ ምንድን ነው?

እንዲህ ሁለት ጠባይ ካላቸው ሞለኪውሎች በጣም የታወቁት ሰርፋክታንቶች ናቸው። የልብስ ሳሙና፣ በሐሞት ውስጥ የሚገኙ ጨዎች፣ እንዶድን አረፋ እንዲያወጣ የሚያደርገው ሳፖኒን ሁሉም የዚህ ቤተሰብ ናቸው። በውሃ ውስጥ ጥቂት ሲሆኑ ተነጣጥለው ይኖራሉ። መጠናቸው ከተወሰነ ወሰን ሲያልፍ ግን ውሃ ሸሽ ጭራቸውን ወደ ውስጥ፣ ውሃ ወዳድ ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው ይሰባሰባሉ፤ ስብስቡ ሚሴል ይባላል። ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት የተባለው የተለመደ ሰርፋክታንት በክፍል ሙቀት በአንድ ሊትር ውሃ 8 ሚሊሞል ገደማ ሲደርስ ሚሴል መሥራት ይጀምራል፤ በአንዱ ሚሴል ውስጥም ወደ 60 የሚጠጉ ሞለኪውሎች ይኖራሉ። ሐሳቡ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በእንግሊዝ፣ ብሪስቶል ያስተምሩ ከነበሩት ካናዳዊው ጀምስ ዊሊያም ማክቤይን ጀምሮ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ሚሴሉ ውሃ ውስጥ ሳለ በውስጡና በዙሪያው የሚሆነውን ሳይነኩ ማየት የሚያስችል መሣሪያ ለአሠርት ዓመታት አልተገኘም ነበር።

ሊንድማን ወደ መስኩ የመጡት በዚህ ክፍተት በኩል ነው። በሉንድ የፊዚካል ኬሚስትሪን ምርምር ይመሩ የነበሩት ስቱሬ ፎርሴን በኑክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ፣ በአጭሩ በኤን.ኤም.አር፣ የታወቁ ነበሩ፤ ሁለቱ በክሎሪን፣ በብሮሚንና በአዮዲን ኤን.ኤም.አር ላይ የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1976 ወጥቷል። የእነዚህ ንጥረ ነገሮች ኒውክሊየስ በአካባቢው ያለው የኤሌክትሪክ መስክ በትንሹ ሲዛባ እንኳ ምልክቱ ይለወጣል። ስለዚህ የብሮማይድ አዮን በውሃው ውስጥ በነጻነት እየዞረ መሆኑን ወይም በሚሴሉ ገጽ አጠገብ መያዙን ራሱ አዮኑ ይናገራል። ትኩረታቸው ከትልቁ ስብስብ ይልቅ በዙሪያው በሚዞሩት ትናንሽ አዮኖች ላይ መጀመሩ ኋላ ለዲ.ኤን.ኤ ሥራቸው ቁልፍ ሆኗል። ከሥራ ባልደረባቸው ከሆካን ቬነርስትረም ጋር በ1980 ያወጡት ስለ ሚሴሎች የሚያትት ሰፊ የግምገማ ጽሑፍ የዚያን ዘመን እውቀት በአንድ ቦታ ያሰባሰበ ሆኖ ለብዙ ጊዜ ሲጠቀስ ኖሯል።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ከሁሉም ይበልጥ ዘዴኛው ነው። ማይክሮኢመልሽን ውሃ፣ ዘይትና ሰርፋክታንት ተቀላቅለው የሚፈጥሩት የረጋ፣ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። በውስጡ ያለው ምንድን ነው? በውሃ የተከበቡ የዘይት ጠብታዎች? በዘይት የተከበቡ የውሃ ጠብታዎች? ወይስ አሜሪካዊው ስክሪቨን በ1976 እንደጠቆሙት ውሃውም ዘይቱም ሳይቋረጡ እርስ በርስ የሚጠላለፉበት መዋቅር? ሊንድማን፣ ፒተር ስቲልብስና ማይክል ሞዝሊ በ1981 ባሳተሙት ጽሑፍ ጥያቄውን በፍጥነት ልኬት ፈቱት። ኤን.ኤም.አር እያንዳንዱ ዓይነት ሞለኪውል በተወሰነ ጊዜ ምን ያህል ርቀት እንደሚጓዝ ለየብቻ መለካት ይችላል። ዘይቱ በጠብታ ውስጥ ከታሰረ መጓዝ የሚችለው ጠብታው በተጓዘበት ልክ ብቻ ነውና እጅግ ቀርፋፋ ይሆናል፤ ውሃው ግን ይፈጥናል። ውሃው ከታሰረ ነገሩ ይገለበጣል። በብዙ ማይክሮኢመልሽኖች የተገኘው ውጤት ግን ሁለቱም ፈጣን መሆናቸው ነበር። የታሰረ የለም ማለት ነው፤ ሁለቱም ፈሳሾች ከዳር እስከ ዳር የተያያዙ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ማይክሮኢመልሽን ሁሉ የጠብታ ክምችት ነው የሚለው ሥዕል ብቻውን መቆም አልቻለም።

በ1980ዎቹ ሰርፋክታንትን ከፖሊመር ጋር ማጥናት ጀመሩ። ከተፈተኑት አንዱ ለውሃ ቀለም ማወፈሪያ የሚውል፣ ከሴሉሎስ የሚሠራ ፖሊመር ነው፤ የሟሟበት ውሃ ሲሞቅ ይደፈርሳል፣ ሰርፋክታንት ሲጨመርበት ግን ጠባዩ ይለወጣል። ከቦ ዮንሶን፣ ከክሪስተር ሆልምበርግና ከቤንግት ክሮንበርግ ጋር በ1998 ያሳተሙት በውሃ ውስጥ ስላሉ ሰርፋክታንቶችና ፖሊመሮች የሚያስተምር መጽሐፍ በዩኒቨርሲቲም በፋብሪካ ቤተ ሙከራም የሚሠራበት ሆኗል።

ዲ.ኤን.ኤ ወደዚህ ታሪክ የገባው እንደ ፖሊመር ነው። ድርብ ጠመዝማዛው በየ0.34 ናኖሜትር ሁለት ኔጋቲቭ ቻርጅ ይሸከማል፤ በሕያው ዓለም ከሚገኙ ሰንሰለቶች መካከል ይህን ያህል ቻርጅ የተጨናነቀበት ጥቂት ነው። ፖዘቲቭ ራስ ያለው ሰርፋክታንት ሲጨመርበት ሚሴል ለመሥራት በተለመደው ሁኔታ ከሚያስፈልገው እጅግ ባነሰ መጠን ሰንሰለቱ ላይ መሰባሰብ ይጀምራል። ቀላሉ ማብራሪያ ተቃራኒ ቻርጆች ይሳሳባሉ የሚለው ነው። የሉንድ ቡድን አጥብቆ ያስገነዘበው ግን ሌላውን ግማሽ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ቀድሞ በዲ.ኤን.ኤውና በሚሴሉ ዙሪያ ተይዘው የነበሩት ትናንሽ አዮኖች ወደ ውሃው ይለቀቃሉ፣ የነጻነታቸው መጨመርም፣ ማለትም የኢንትሮፒ ትርፉ፣ ጥምረቱን ይገፋዋል። ሰርፋክታንቶቹ በመጀመሪያ ለመሰባሰብ የሚያበቃቸው ደግሞ ውሃ ሸሽ ጭራቸው ነው።

ሰርጌይ ሜልኒኮቭና ኬኒቺ ዮሺካዋ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1995 በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ እንዳሳዩት፣ 166,000 ገደማ የቤዝ ጥንዶች ያሉትና ቢዘረጋ ከ50 ማይክሮሜትር የሚበልጥ ርዝመት ያለው የቲ4 ቫይረስ ዲ.ኤን.ኤ ሰርፋክታንት ሲጨመርበት ቀስ በቀስ አይጠብብም፤ እያንዳንዱ ሞለኪውል ከልቅ ጥቅል ወደ ጥብቅ እንክብል በአንድ ጊዜ ይዘላል። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ የጠበቡትና ያልጠበቡት ጎን ለጎን ይታያሉ። ሜልኒኮቭ ቆየት ብለው ከሊንድማን ጋር ሠርተዋል። ከኮይምብራ ማሪያ ዳ ግራሳ ሚጌልና ሪታ ዲያስ ደግሞ ከሊንድማን ጋር ሆነው የተገላቢጦሹን ጥያቄ አነሡ። የጠበበውን ዲ.ኤን.ኤ መልሶ መፍታት ይቻላል? ኔጋቲቭ ራስ ያለው ሌላ ሰርፋክታንት ሲጨመር የመጀመሪያውን ከዲ.ኤን.ኤው ነጥቆ ይወስደዋል፣ ሰንሰለቱም ይዘረጋል። ሳይክሎዴክስትሪን የተባለው ከስኳር የተሠራ ቀለበትም የሰርፋክታንቱን ጭራ በውስጡ በመያዝ ተመሳሳይ ውጤት እንደሚሰጥ በኋላ ታይቷል።

ይህ ጥያቄ ከቤተ ሙከራ ውጭም ክብደት አለው። ጂን ወደ ሴል ለማስገባት ዲ.ኤን.ኤውን መጠቅለል ግማሽ ሥራ ነው፤ ውስጥ ከደረሰ በኋላ ካልተፈታ አይነበብም። ሊፒድ በመጠቀም ጂን የማስገባት ዘዴ ከ1987 ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ በኮቪድ-19 ዘመን የተሠሩት የኤም.አር.ኤን.ኤ ክትባቶችም በሊፒድ ቅንጣት የተጠቀለሉ ናቸው። ሊንድማን ክትባቶቹን አልሠሩም፤ ያጠኑት የመጠቅለልና የመፍታት ኬሚስትሪ ግን ለእነዚህም መሠረት ነው። ለሕያው ሴል የሚስማሙ፣ ከአርጊኒን አሚኖ አሲድ የተሠሩ ሰርፋክታንቶችን የሞከሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉም ይልቅ የእሳቸው አሻራ የሚታየው ግን ዲ.ኤን.ኤን ራሱን ባዩበት መንገድ ነው። ነጠላ ሰንሰለት ዲ.ኤን.ኤ በቻርጅ ጥግግት ከድርቡ ያንሳል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የቻርጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሰርፋክታንት ጋር ያለው ትስስር ደካማ በሆነ ነበር። በ2005 የታተመው ጥናታቸው ግን ልዩነት እንዳለና ቻርጅ ብቻውን እንደማያስረዳው አመለከተ። በነጠላው ሰንሰለት ላይ ውሃ ሸሽ የሆኑት ቤዞች ለውሃው ተጋልጠዋል፣ ሰንሰለቱም እንደልብ ይተጣጠፋል። እንግዲህ ዲ.ኤን.ኤም ራሱ ውሃ ወዳድና ውሃ ሸሽ ክፍል ያለው ሞለኪውል ነው፤ ድርብ ጠመዝማዛውን አጽንቶ በመያዝም የሃይድሮጅን ትስስር ብቻ ሳይሆን የቤዞቹ ከውሃ መሸሽ ትልቅ ድርሻ አለው። ከዲያስ ጋር ያዘጋጁት ዲ.ኤን.ኤ ከፖሊመሮችና ከሰርፋክታንቶች ጋር ስላለው ግንኙነት የሚያትት መጽሐፍ በ2008 ታትሟል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ይህንኑ ዕይታ ወደ ሴሉሎስ አዞሩት። ሴሉሎስ በውሃ የማይሟሟው ሰንሰለቶቹ በሃይድሮጅን ትስስር ስለተቆላለፉ ነው የሚለው ማብራሪያ በመማሪያ መጻሕፍት ሰፍሮ ነበር። ሊንድማን፣ ጉናር ካርልስትረምና ላርስ ስቲግሶን በ2010 ይህ አይበቃም አሉ፤ ሴሉሎስ ከውሃም ጋር የሃይድሮጅን ትስስር መፍጠር ይችላልና፣ ከግሉኮስ የተሠራው ዴክስትራን ደግሞ ያንኑ ዓይነት የሃይድሮክሲል ቡድን ይዞ በውሃ ይሟሟል። እንደ እነሱ አባባል የሴሉሎስ ሰንሰለት ውሃ ሸሽ ገጽም አለው፣ ገጾቹም እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ሐሳቡ ብዙ የዘርፉን ሰዎች ቀስቅሷል፤ በ2012 ሴሉሎስ በተባለው የሙያ መጽሔት በርካታ ተመራማሪዎች የሊንድማን መላምት በሚል ስም ተከራክረውበታል።