ሶቅራጥስ በሸንጎ ላይ

አንባቢ ሆይ፤ ፍልስፍና ማለት በግሪክ ቋንቋ ጥበብን መውደድ ነው። ፊርማ የሚጠይቅ ወረቀት ከፊትህ ሲቀርብ፥ «ይህ ነገር በእውነት ትክክል ነውን?» ብለህ ብትመረምር ከደጃፏ ደርሰሃል።

ስለ ሶቅራጥስ ሲነገር ዘወትር የሚወሳው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት የጠጣው መርዝ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ 7 ዓመት ቀድሞ የዋለበትን ሸንጎ አስበልጣለሁ። ያን ጊዜ ዕጣ ወጥቶለት የአቴና ምክር ቤት አባል ነበረ። በአርጊኑሳይ ደሴቶች አጠገብ በባሕር ውጊያ ድል ያደረጉት የጦር አለቆች፥ መርከባቸው የተሰበረባቸውን ወገኖች ከማዕበል አላዳኑም ተብለው ተከሰሱ። ሕዝቡም በቍጣ፥ ሁሉም ባንድ ድምፅ ይፈረድባቸው አለ፤ ሕጉ ግን እያንዳንዱ ለብቻው እንዲዳኝ ያዛል። ሸንጎውን ከሚመሩት ባልደረቦቹ እንቢ ያሉት ዛቻ ሲመጣባቸው ተስማሙ። ሶቅራጥስ ግን ከሕግ ውጭ አንዳች አላደርግም ብሎ ጸና። ቢሆንም በከተማው የተገኙት ስድስቱ አለቆች ተገደሉ፤ ሕዝቡም ኋላ ተጸጸተ።