ከሰይጣን ቤት እስከ ጌም ቤት፦ በሁለት ምስሎች መካከል ያለው ክፍተት ታሪክ

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በመጣ ጊዜ፣ ሕዝቡ የማሳያውን ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው ይታወቃል። ስያሜው ዛሬ ለሣቅ ይነሣል። ይሁን እንጂ ያ ተመልካች የተሳሳተው በምክንያቱ እንጂ በመጠርጠሩ አልነበረም። በሸራው ላይ የሚያልፉት የቆሙ ፎቶግራፎች ነበሩና፤ እንቅስቃሴውን የሚፈጥረው የሰው ዐይንና አእምሮ ነው።

ዛሬ አዲስ አበባን በከበቡት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ ከተሞች፣ በየጌም ቤቱና በየመኖሪያ ቤቱ ወጣቶች አንድ ጥያቄ ያነሣሉ። ያረጀ ኮምፕዩተር አዲስ ጨዋታ ሳይንገጫገጭ እንዲያጫውት ማድረግ ይቻላልን? ጥያቄው ለሙያችን የቀረበ ስለሆነ ወደ እኛም ይመጣል። መልሱ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ሶፍትዌር ነው፤ አንዱ አነስተኛውን ምስል አጉልቶ ያቀርባል፣ ሁለተኛው በሁለት ፍሬሞች መካከል ሌላ ፍሬም ፈጥሮ ያስገባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ዘዴዎች የአንድ አሮጌ ታሪክ የቅርብ ምዕራፍ መሆናቸውን፣ ከቀደሙትም በአንድ ዐቢይ ነገር መለየታቸውን ማሳየት ነው።

የመጀመሪያው ዘዴ መደጋገም ነበር። ድምፅ ያለው ፊልም በሰኮንድ 24 ፍሬም እንዲሆን ተወሰነ። ነገር ግን በሰኮንድ 24 ጊዜ ብቻ የሚበራና የሚጠፋ ብርሃን ዐይንን ያውካል። ስለሆነም የማሳያው መሣሪያ እያንዳንዱን ፍሬም ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እንዲያበራ ተደረገ። የበዛው ብልጭታው እንጂ ምስሉ አልነበረም።

ሁለተኛው ዘዴ መክፈል ነው። በ1957 ዓ.ም. በአገራችን ሥራውን የጀመረው ቴሌቪዥን የተከተለው፣ ባለ 625 መስመርና በሰኮንድ 25 ሙሉ ምስል የሚያሳየውን የአውሮፓ ሥርዓት ነው። ለሥርጭት የሚመደበው የሞገድ መስመር ጠባብ በመሆኑ፣ በመጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መስመሮች፣ ቀጥሎ ሙሉ ቁጥር ያላቸው እየተላኩ በሰኮንድ 50 ግማሽ ምስሎች ይደርሱ ነበር። ቁጥሩ በሰኮንድ 50 ዑደት ካለው የኤሌክትሪክ ኃይል ጋር እንዲስማማ የተመረጠ ነው። ሥርጭቱ በ1977 ዓ.ም. መባቻ የቀለም ሲሆንም ይኸው አሠራር ቀጠለ። በሰበታ አቅጣጫ ቀና ብሎ የፉሪን ተራራ የሚመለከት ሰው የሚያያቸው የማሰራጫ ምሰሶዎች የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው።

ሦስተኛው ዘዴ መገመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በሱሉልታ የሳተላይት የምድር ጣቢያ ሲቋቋም አገራችን ከሩቅ ዓለም ጋር በቀጥታ ተገናኘች። የሳተላይት መስመር ውድ ነው፤ ስለዚህ በዓለም ዙሪያ መሐንዲሶች «ሁሉን ከመላክ የትኛውን ልከን የትኛውን ለተቀባዩ እንተውለት?» ብለው ይጠይቁ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተስፋፋው ኤምፔግ የተባለው የዲጂታል ዘዴ ጥያቄውን መለሰ። ሙሉ ምስል አልፎ አልፎ ይላካል፤ በመካከል ያሉት ግን «ይህ ክፍል ወደዚህ ተንቀሳቅሷል» በሚል መረጃና በጥቂት ማረሚያ ይገነባሉ። የዛሬው የጨዋታ ሶፍትዌር ከዚህ የሐሳብ ሐረግ የተመዘዘ ነው።

የጨዋታ ሸክም ግን ከፊልም ይከብዳል፤ እያንዳንዱ ፍሬም በቅጽበቱ የሚሰላ ነውና። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ፒክሰል አለው፤ በሰኮንድ 60 ፍሬም ለማሳየት ከ124 ሚሊዮን በላይ ፒክሰል መሳል ያሻል። በ1280 በ720 ቢሳል ግን ሥራው 921,600 ፒክሰል፣ ማለትም ከሙሉው 44 በመቶ ገደማ ይሆናል። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2018 ያስተዋወቀው ዲኤልኤስኤስ ይህንን አነስተኛ ምስል በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያጎላል። ኤኤምዲ በ2021 ያወጣው ኤፍኤስአር ልዩ ካርድ ሳይጠይቅ ተመሳሳይ አገልግሎት ሰጠ። በ2022 ዲኤልኤስኤስ 3 ፍሬም መፍጠር ጀመረ፤ ነገር ግን ለአርቲኤክስ 40 ካርዶች ብቻ ነበር። በ2023 የወጣው ኤፍኤስአር 3 ለቀደሙ ካርዶችም በሩን ከፈተ። ሎስለስ ስኬሊንግ የተባለው አነስተኛ ፕሮግራም ደግሞ በአብዛኞቹ ካርዶችና ጨዋታዎች ላይ ይሠራል። ይህም የሆነው ከጨዋታው ውስጥ የእንቅስቃሴ መረጃ ስለማይጠይቅና ያለቀውን ምስል ብቻ ስለሚመለከት ነው። በዚሁ ምክንያት ጽሑፎችና በስክሪኑ ጥግ ያሉ ምልክቶች አንዳንድ ጊዜ ይደበዝዙበታል።

ከቀደሙት ዘዴዎች የሚለየው ነገር እዚህ ላይ ነው። የሲኒማና የቴሌቪዥን ተመልካች ዐይኑን ብቻ ይዞ ይቀመጣል፤ ተጫዋች ግን በእጁ ያዛል፣ መልስም ይጠብቃል። በሁለት ፍሬሞች መካከል ሌላ ለመፍጠር ሁለቱም አስቀድመው መገኘት አለባቸው፤ ስለዚህ የተዘጋጀው ሁለተኛ ፍሬም የተፈጠረው እስኪታይ ድረስ ይቆያል። ካርዱ የሚስለው በሰኮንድ 30 ከሆነ በፍሬሞቹ መካከል 33 ሚሊሰኮንድ ገደማ አለ፤ 60 ከሆነ 17 ገደማ። ስለሆነም 30 ወደ 60 ሲባዛ ዐይን ይለሰልስለታል፤ እጅ ግን የሚመለስለት ያው በሰኮንድ 30 ጊዜ ነው፣ ያውም ከቀድሞው ዘግይቶ።

የማስተካከያው ቅደም ተከተል ከዚህ ይመነጫል። በመጀመሪያ ያለ ምንም እርዳታ ማሽኑ የሚስለውን መለካት ይገባል። ቀጥሎ የመሳያውን መጠን ቀንሶ ማጉሊያውን «ጥራት» በሚለው ደረጃ ማስጀመር። በሦስተኛ ደረጃ ጨዋታው በሚከብድበት ቦታ እንኳ ሊጠበቅ በሚችል ቁጥር ላይ የፍሬሙን ብዛት መገደብ፤ ፍሬም ፈጣሪው በእጥፍ የሚያበዛ ከሆነ ገደቡ የስክሪኑ ግማሽ ቢሆን፣ ለምሳሌ ለ120 ኸርዝ ስክሪን 60 ቢሆን ይመረጣል። ፈጣሪው ራሱ የካርዱን ጉልበት ስለሚወስድ ትርፍ አቅም መተው ያስፈልጋል። የስክሪኑ አቅም 60 ኸርዝ ብቻ ከሆነ፣ በእግር ኳስና በተኩስ ጨዋታ ፈጣሪውን ትቶ የመሳያውን መጠን መቀነስ ይሻላል፤ በዝግታ በሚሄድ የታሪክ ጨዋታ ግን ጉዳቱ ያነሰ ነው።

ነገሩ ከመዝናኛ ያልፋል። ያገለገለ ኮምፕዩተር በስክሪኑ ላይ «120» እያሳየ ሊሸጥ ይችላል፤ ለልጁ ሲል ቁጠባውን ያወጣ ወላጅ ከቁጥሩ ግማሹ በግምት የተሠራ መሆኑን ማወቅ አይችልም። ስለዚህ ምክር የምንጠየቅ ባልደረቦች ሁለት ቁጥሮች ለይተን እንድንናገር አሳስባለሁ፤ ማሽኑ በእርግጥ የሚስለውንና ስክሪኑ የሚያሳየውን። ግምቱ ነውር የለበትም፤ ፉሪም ሱሉልታም በእንዲህ ያለ ብልሃት አገልግለውናል። ነውሩ ግምቱን እንደ ጉልበት ቆጥሮ መሸጥ ነው።