በግ፣ ጠጉርና ሣር፦ የሳምንቱ ገበያ እንደ ታሪክ መዝገብ

የኢትዮጵያ ታሪክ ሲጻፍ ዜና መዋዕሉ የንጉሡን ዘመቻ፣ ገድሉ የጻድቁን ተጋድሎ፣ የመሬት መዝገቡ የርስቱንና የጉልቱን ወሰን አቆይቷል። ገበሬው በየሳምንቱ በጉን እየነዳ፣ የበግ ጠጉሩን ተሸክሞ፣ ሣሩን በአህያ ጭኖ ገበያ ሲወጣ በስንት እንደ ሸጠና በዋጋው ምን ያህል እህል እንደ ገዛ ግን የሚመዘግብለት ጸሐፊ አልነበረውም። ይሁን እንጂ የሰፊው ሕዝብ የኑሮ ታሪክ ከዚህ ካልተጻፈ መዝገብ ይልቅ በግልጽ የሚነበብበት ሥፍራ ጥቂት ነው።

ለዚህ ከመንዝ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የሰሜን ሸዋው መንዝ ብርድ የጸናበት ደጋ ነው። ውርጭ ገብሱን ሲመታው ቤተሰቡን ከረኀብ የሚያድነው በጉ ነው። የመንዝ በግ ቁመቱ አጭር፣ ላቱ ወፍራም፣ ጠጉሩ ሻካራ ነው። ከሥጋውና ከቆዳው በተጨማሪ ጠጉሩ ተሸልቶ፣ በእንዝርት ተፈትሎና በሸማኔ እጅ ተሠርቶ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሆናል። ስለዚህ የመንዝ ገበሬ በመሃል ሜዳ ወይም በሞላሌ ገበያ ሲቆም በአንድ እንስሳ ሦስት ነገር ይዞ ይቆማል፤ በጉን ራሱን፣ በየጊዜው የሚሸለተውን ጠጉርና በጉን የሚያኖረውን ሣር።

የገጠር ገበያ የተደራጀው በሳምንት ዑደት ነው። የአንዱ አካባቢ ገበያ ቅዳሜ ቢሆን የጎረቤቱ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ይሆናል፤ ነጋዴው ካንዱ ወደ ሌላው እየዞረ ዋጋን እንደ ወሬ ያደርሳል። በጉ በሚዛን አይሸጥም። ገዢው ሽንጡን ይዳስሳል፣ ላቱን ይመዝናል፣ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ሙክቱ፣ አውራው፣ መሲናዋና ጠቦቱ ለየራሳቸው ዋጋ አላቸው። ደላላው በሻጭና በገዢ መካከል ቆሞ እጅ ያጨባብጣል። የሃይማኖቱም ዘመን የራሱን ምልክት ይጥላል፤ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ በግ ይወደዳል፤ በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም ገዢው ይሳሳል።

ዋጋው የሚነገርበት ገንዘብ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ከአፋር ሜዳ ተፈልጦ የሚወጣው አሞሌ ጨው ለብዙ መቶ ዓመታት የገበያው መመንዘሪያ ነበር። በ1512 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደ ጻፈው፣ ጨው በሚወጣበት አካባቢ ለአንድ ድራም ወርቅ ከ120 በላይ አሞሌ ይሰጥ ነበር፤ ጨው ከገበያ ገበያ እየተሻገረ የንጉሡ ሰፈር ሲደርስ ግን 6 ወይም 7 ብቻ ይበቃ ነበር። በኋላ ዘመን የመጣው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ለትልቅ ግዢ እንጂ ለትንሽ ስለማይመች፣ የድኻው ሒሳብ በአሞሌ ቀጠለ። እንግዲህ የአንድ በግ ዋጋ በአሞሌ ሲነገር በጉ ብቻ ሳይሆን የጨው መንገዱም፣ በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥም አብሮ ይቆጠራል። ስለዚህ የድሮን ዋጋ በገንዘብ ስም ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል። እውነተኛው መለኪያ አንድ በግ ስንት ቁና ገብስ ይገዛል የሚለው ነው።

ከበጉ ሁሉ ገበያ የሚደርሰውም የተወሰነው ነው። በባላባቱ ሥርዓት ዘመን ገበሬው ከሰብሉ ግብር ባሻገር በበዓል ቀን በግ፣ ለጌታው በቅሎ ሣር፣ ለእልፍኙም ክዳን የማቅረብ ግዴታ ነበረበት። በዚህ መንገድ የሄደው በግና ሣር ዋጋ አልነበረውም፤ ዋጋው የገበሬው ጉልበት ነበር። ሣሩ በገንዘብ የሚሸጥ ሸቀጥ እየሆነ የመጣው ከተሞች ሲያድጉ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የመኳንንቱንና የወታደሩን ፈረስና በቅሎ የሚመግበው ሣር ከዙሪያው ገጠር ይመጣ ጀመር።

በመንዝ ሣር የጋራ ሕግም ነበረው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው የጓሳ መሬት፣ አስቦና ጌራ ከሚባሉት ቀደምት አባቶች ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሜዳው ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ጊዜው ሲደርስ ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፈታል። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለዝናብ መከላከያ ገሳ ይሆናል፤ በክፉ ዓመትም የከብቱ መጠጊያ ነው። ይህ ሥርዓት በርስት ባለመብቶች ላይ የተመሠረተ ስለ ነበር በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከነባለሥልጣኖቹ ፈረሰ። አዋጁ ጭሰኛውን ከጌታው ሲያላቅቅ፣ የሣሩ ጥበቃም አብሮ ላላ። በኋላ የአካባቢው ሕዝብ በራሱ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቁሟል።

እነዚህ ሦስት ዋጋዎች እኩል አይራመዱም። ዝናብ ሲቀር በመጀመሪያ የሚናገረው ሣር ነው፤ የአንድ ሸክም ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይወጣል። ቀጥሎ በጉ ይከሳል፤ ባለቤቱ ሳይሞትበት ሊሸጠው ይጣደፋል። ጎረቤቱም እንዲሁ ስለሚያደርግ ገበያው በበግ ይጥለቀለቃል፤ ዋጋው ይወድቃል። በዚያው ቀን በዚያው ገበያ ገብስ ይወደዳል። የጠጉሩ ዋጋ ግን ይዘገያል። በጉ የተሸጠበት ቤት በሚቀጥለው ዓመት የሚሸልተው የለውም፤ እንዝርቱ ይቆማል፤ ባናው ይወደዳል። ሣር መጪውን መከራ ያስታውቃል፤ በግ መከራው መድረሱን ይመሰክራል፤ ጠጉር ካለፈ በኋላ የቀረውን ጉድለት ይቆጥራል።

ይሁንና መከራ ሁሉ አንድ ዓይነት የዋጋ መልክ የለውም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ክፉ ቀን መነሻው ደስታ በሽታ ነበር። በምጽዋ በኩል በገባው በዚህ በሽታ የሀገሪቱ ከብት አብዛኛው አለቀ። በሬ በመጥፋቱ እርሻ ታጎለ፤ ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨመሩበት። ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው በመሥራት ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን የሞከሩት በዚህ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ እህሉም ከብቱም በአንድነት ተወደደ፤ የሞተ በሬ ገበያ አይወጣምና። በድርቅ ረኀብ ግን እንስሳው ይረክሳል፣ እህሉ ይወደዳል፤ ገበሬውን በሁለት ወገን የሚቆርጠው ይህ መቀስ ነው።

የ1965ና የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኀብ ይህን ለዓለም ምሁራን አስተማረ። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን በ1973 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከወትሮው ያን ያህል ሳይወጣ ሕዝቡ በረኀብ አልቋል፤ ከወሎ ወደ ሌሎች ከተሞች የተጫነ እህልም ነበር። የጎደለው በገበያው ያለው እህል ብቻ አልነበረም፤ የገበሬው የመግዛት አቅም ነበር። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬና ከብቱ የረከሰበት ዘላን ከእህሉ አጠገብ ቆመው ሊገዙት አልቻሉም። የእህልን ዋጋ ብቻ ያየ ባለሥልጣን ረኀብ የለም ሊል ይችል ነበር፤ የበጉን ዋጋ አብሮ ያየ ግን አይሳሳትም።

ትምህርቱ ለቀጣዩ መንግሥትም አልበቃውም። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ለገበሬው የእህል ኮታ ደልድሎ፣ ዋጋውንም ከነጻው ገበያ በታች ወስኖ ይሰበስብ ነበር። ምርቱ ያልበቃው ገበሬ በጉን ሸጦ፣ በውድ ዋጋ እህል ገዝቶ፣ በርካሽ ለመንግሥት ያስረከበበት ጊዜ ነበር። በሪፖርቱ ላይ ኮታው ተሟልቷል፤ በበረቱ ግን በጉ ጎድሏል። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. አደጋውን አሳውቆ ነበር። በዚያው ወቅት ፒተር ከትለር የተባለው ተመራማሪ በሰሜን ኢትዮጵያ የእንስሳ ዋጋ መውደቅና የእህል ዋጋ መናር ሕዝቡ ቀዬውን ለቅቆ ከመውጣቱ በፊት እንደሚታይ አስረዳ። መስከረም 1977 ዓ.ም. ሲብት ግን የመንግሥቱ ልብ ያለው በ10ኛው የአብዮት በዓል ድግስ ላይ ነበር። የኮታው ግዴታ የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ገበሬው ሲሸጥ ይናገራል፤ ንግግሩን የሚሰማ ጆሮ ካላገኘ ግን የሚቀጥለው ሳምንት ገበያ ይናገርለታል፤ ከዚያ በኋላ የሚናገረው መንገዱ ነው። የገጠር ትምህርት ቤት መምህር ተማሪዎቹን በየሳምንቱ ገበያ ልኮ አራት ነገር ብቻ ቢያስመዘግብ፣ የአንድ ሸክም ሣር፣ የአንድ መካከለኛ በግ፣ የአንድ ባናና የአንድ ቁና ገብስ ዋጋ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የትኛውም ዜና መዋዕል ያልያዘው የሀገር ታሪክ በእጁ ይገኛል። ሠዓሊውም ደራሲውም የገበያን ቀለምና ጫጫታ ሲያሳዩ፣ ዳር ላይ ቆሞ ያልተሸጠለትን በግ መልሶ የሚነዳውን ሰው ባይረሱት መልካም ነው። በዚያ ሰው እጅ ያለው ገመድ የዓመቱን ዕጣ ይዟል።