ከባዶ እግር እስከ ወፍራም ሶል፦ አሮጌው የሩጫ ጫማ ከአዲሱ ጋር ሲመዘን



የዛሬው ንግግሬ ስለ ጫማ ነው። ርእሱ ለታሪክ ጉባኤ እንግዳ ሊመስል ስለሚችል ምክንያቴን ላስቀድም። ከዚህ ከጉለሌ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ በማለዳ የወጣ ሰው ወጣት ሯጮችን ያገኛል። ብዙዎቹ የሚሮጡት ሌላ እግር በለበሰው ጫማ ነው፤ ከታላቅ አትሌት የተላለፈ ወይም ከሰልባጅ የተገዛ። እነዚሁ ልጆች ለአስፋልት ውድድር ሲሰለፉ ከጎናቸው የሚቆመው ተወዳዳሪ ስፖንሰሩ የሰጠውን የዘመኑን ጫማ ተጫምቷል። ሰዓቱ ግን ሁለቱንም እኩል ይመዘግባል። ማናጀርም ሆነ ክለብ የሚያነበው ያንን ሰዓት ነው። አሮጌው ጫማ ዛሬም ከአዲሱ ጋር ይስተካከላል ወይ የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የአንድን ወጣት እንጀራ የሚነካ ነው። ያለፉትን ጀግኖቻችንን ሰዓት እንዴት እናንብብ የሚለውም ከዚሁ ይወለዳል።

ከሮም እንጀምር። የክብር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 ማራቶንን በባዶ እግሩ አሸነፈ። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ከቀረቡለት ጫማዎች የሚመቸውን በማጣቱና በባዶ እግር መሮጥን በመልመዱ እንዲያ እንደሮጠ በሰፊው ይነገራል። የገባበት ሰዓት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ነው። ሶቪየታዊው ሰርጌይ ፖፖቭ በ1958 ስቶክሆልም ላይ ያስመዘገበውን የዓለም ፈጣን ሰዓት ያሻሻለው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ነበር። ፖፖቭም ሮም ላይ ተሰልፎ፣ ጫማ አድርጎ፣ አምስተኛ ወጣ።

ይህን ድል እንደ ተአምር ማውራት ለምደናል። እኔ ግን በዚያ ዘመን ባዶ እግር ከጫማ ብዙም የሚያንስ አልነበረም ባይ ነኝ። በላቦራቶሪ የተደረጉ ጥናቶች በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር የሯጩ የኦክስጅን ፍጆታ በ1 በመቶ ገደማ እንደሚያድግ አሳይተዋል። በ2012 የታተመ ሌላ ጥናትም ባዶ እግርን ቀላል ክብደት ካለው ስፖንጃም ጫማ ጋር አነጻጽሮ ባዶ እግር የኃይል ብልጫ እንደማይሰጥ አመልክቷል። በአንድ ወገን ክብደት ይቀንሳል፤ በሌላ ወገን ድንጋዩን የሚያበርድ ነገር ይጠፋል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። የ1960ዎቹ ስስ ጫማ ሥራው እግርን ከጠጠርና ከመላላጥ መጠበቅ እንጂ ሯጩን መግፋት አልነበረም። ስለዚህ የአበበን ክብር የማየው ጫማ በማጣቱ ላይ ሳይሆን በሩጫው ላይ ነው።

ቶኪዮ ይህን ያጠናክርልኛል። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አሁን ጫማና ካልሲ አድርጎ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ገባ። ከሮም ሰዓቱ ሦስት ደቂቃ ቀነሰ ማለት ነው። ጫማው ነው የቀነሰለት የሚል ሰው ይህን ይመልስ፦ ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊ ባዝል ሂትሊም ጫማ ነበረው፤ ነገር ግን ከአበበ 4 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ዘግይቶ ነው የገባው። መንገዱ፣ አየሩ፣ የሯጩ ብስለት ሁሉ ተለውጠዋል። ከነዚህ ሁሉ መካከል አንዱን ነጥሎ ምክንያት ማድረግ በጦርነት ታሪክ አጻጻፍ ላይ የምንነቅፈው ስሕተት ነው፤ በስፖርትም ያው ነው።

ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕት ዓመት ጫማው ቀለለ፣ ተዋበ፣ ተወደደ፤ በመሠረቱ ግን ያው ነበር። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2008 በርሊን ላይ 2:03:59 ሲገባ የተጫማውን ከቀድሞዎቹ የሚለየው የደረጃ እንጂ የዓይነት ልዩነት አልነበረም። የዓይነት ለውጥ የመጣው በ2017 ነው። ናይኪ ቬፐርፍላይ የተባለውን ጫማ ለገበያ አቀረበ፤ ሶሉ ወፍራም፣ ፎሙ ቀላልና የተረገጠበትን ኃይል አብዝቶ የሚመልስ፣ በውስጡም ጠንካራ የካርቦን ዝርግ ያለበት። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደ ጥናት ሯጩን በአማካይ 4 በመቶ ኃይል እንደሚያድን አገኘ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ 4 በመቶ ኃይል ማለት 4 በመቶ ሰዓት ማለት አይደለም። ፍጥነት ሲጨምር የአየር ግፊቱም ስለሚያይል በሰዓት የሚገኘው ትርፍ ከዚያ ያንሳል። ያም ሆኖ በአስፋልት ላይ ትርፉ እውነተኛ ነው፤ በሴቶች ውጤት ላይም ጎልቶ ታይቷል።

በትራክ ላይ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 ብራስልስ ላይ፣ በአሮጌው ስስ ስፓይክ፣ 10,000 ሜትርን በ26:17.53 ሮጠ። ይህ ክብረ ወሰን የተሰበረው ከ15 ዓመት በኋላ ነው። ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ2020 ቫሌንሲያ ላይ በአዲሱ ስፓይክና ፍጥነት በሚያመለክቱ የትራክ ዳር መብራቶች ታግዞ 26:11.00 ገባ። ልዩነቱ 6.53 ሰከንድ፣ ማለትም ከግማሽ በመቶ በታች ነው። ጫማና መብራት ተደምረው የሰጡት ይህ ብቻ ከሆነ፣ አሮጌው ስፓይክ ከነባለቤቱ ክፉኛ አልተበለጠም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ንጽጽር ልግባ። ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ በ2:11:53 ገብታ የዓለም የሴቶችን ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም የሚመዝን፣ 500 ዶላር የሚሸጥ፣ ለአንድ ማራቶን ያህል ነው የተባለለት ነበር። ሰዓቷ ከአበበ የቶኪዮ ሰዓት በ18 ሰከንድ ይፈጥናል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚፈርድ ጽሑፍ ለሁለቱም አትሌቶች ፍትሕ አያደርግም። አበበ በዘመኑ ጫማ ከዘመኑ ሰዎች ሁሉ አራት ደቂቃ ቀደመ፤ ትዕግሥትም ተመሳሳይ ጫማ ለማግኘት አቅሙ ያላቸውን የዘመኗን ሴቶች ሁሉ ቀደመች። የሚነጻጸረው ይህ ነው።

ሌሎች ስፖርቶችም ይህን ፈተና አይተዋል። በ2009 የሮም የዓለም ዋና ሻምፒዮና 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት መግቢያ ያ አዲስ የዋና ልብስ ታገደ። አትሌቲክስ ማገድን አልመረጠም። በጥር 2020 የጎዳና ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ዝርጉም ከአንድ እንዳይዘል ወሰነ። ውሳኔው ልከኛ ይመስለኛል፤ ግን ሦስት ዓመት ዘግይቷል፤ በመካከል የተመዘገቡት ሰዓቶችም እንዳሉ ቀርተዋል። ሕጉ የእኛንም ሰው አግኝቷል። ደራራ ሁሪሳ መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የቪየናን ማራቶን አንደኛ ሆኖ ጨርሶ፣ የሶሉ ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ውጤቱ ተሰረዘ። አበበ በባዶ እግሩ ከሮጠ 61 ዓመት ሆኖት ነበር።

ወደ እንጦጦ ልጆች ልመለስ። ለልምምድ፣ በጠጠርና በሥር በተሞላው የባሕር ዛፍ መንገድ ላይ፣ ጠንካራ ሶል ያለው አሮጌ ጫማ ከወፍራሙና ከሚዋዥቀው አዲስ ጫማ ይሻላል ብል አላጋነንሁም። ለአስፋልት ውድድር ግን አይሻልም። ያገለገለ የዘመኑ ጫማ መግዛትም መፍትሔ አይሆንም፤ ፎሙ በተሮጠበት ልክ ኃይል መመለሱን እየተወ ስለሚሄድ፣ ገዢው የሚያገኘው ስሙን እንጂ ሥራውን አይደለም።

ስለዚህ አንድ ትንሽ ሐሳብ አቀርባለሁ። በአገር ውስጥ የጎዳና ውድድሮች የውጤት መዝገብ ላይ ከሰዓቱ ጎን የጫማው ዓይነት ይጻፍ። ወጪው አንድ ተጨማሪ ዓምድ ነው። ዛሬ መራጩ በአሮጌ ጫማ የተሮጠን 29 ደቂቃና በአዲስ ጫማ የተሮጠን 29 ደቂቃ ለይቶ ማየት ይችላል፤ ነገም የታሪክ ተማሪ ሰነድ ያገኛል። የሮምን የውጤት ቁጥሮች ብቻ የያዘ ሰው አበበ ጫማ እንዳላደረገ ሊያውቅ አይችልም፤ ይህን የምናውቀው ከፎቶግራፉና ከፊልሙ ነው።