«አሬስት» የሚለው ቃልና የ1894ቱ ውል

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው መዝገበ ቃላት የሚገልጠው እንግዳ ለሆነበት ቃል ነው፤ በየዕለቱ ለሚያገኘው ቃል ግን ብዙ ጊዜ አይገልጥም። «አሬስት» ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ይመደባል። ከጋዜጣ እስከ ሕክምና መጽሐፍ ድረስ ስለሚገኝ ሁሉም የሚያውቀው ይመስለዋል። ነገር ግን አንድ የውል አንቀጽ በዚህ ቃል ላይ ቆሞ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። የሚያከራክረው ወንዝ ዓባይ ነው፤ ዓባይ ከኢትዮጵያ የሚወጣበትም ምድር ዛሬ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የምንለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የቃሉን ፍቺዎችና ተመሳሳዮች ከዚያ አንቀጽ ጋር አያይዘን እንመለከታለን። የውሉ የሕግ ጽናት የሕግ ሊቃውንት ጉዳይ ስለሆነ አንነካውም።

ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንታዊው ፈረንሳይኛ ሲሆን ሥሩ ላቲን ነው፤ «ሬስታሬ» ቀርቶ መቆም ማለት ነው። ስለዚህ መነሻ ፍቺው የሚንቀሳቀስን ነገር ማቆም ነው፤ ሰውን በሕግ ሥልጣን መያዝም ከዚሁ የወጣ ፍቺ ነው። አማርኛ በሌላ መንገድ ሄዷል። «አሠረ» መነሻው ገመድ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በልብስ ጫፍ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ በነበረበት ዘመን እስራቱ የእውነት ቋጠሮ ነበር፤ «ቁራኛ» የሚለው ቃልም ከዚያ ልማድ የቀረ ነው። «ያዘ» ደግሞ እጅን ያሳስባል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሁለቱን ለይቷቸዋል፤ እንግሊዝኛው በአንቀጽ 19 «አሬስት» ያለውን አማርኛው «የተያዙ ሰዎች» ሲል፣ በአንቀጽ 21 ስለ «በፍርድ የታሰሩ» ይናገራል። በዕለት ንግግር «ፖሊስ አሠረው» ሲባል ሁለቱ ይደባለቃሉና ተርጓሚ ልዩነቱን ቢጠብቅ መልካም ነው። ከዚህ ሌላ በሕክምና «የልብ መቆም»፣ ስለ መልክ ሲነገር «ዐይን የሚስብ» እንላለን፤ በኋለኛው ማቆም ጠፍቶ መሳብ ገብቷል። ስለ በሽታ መዛመት ወይም ስለ አፈር መሸርሸር ሲሆን የሚስማማው «ገታ» ነው። ይህ ቃል የመጣው ከልጓም ነው። ልጓሙ የተሳበ ፈረስ ሊቆምም፣ አካሄዱን ብቻ ሊቀንስም ስለሚችል፣ «ገታ» ይበልጥ የሚቀርበው «ቼክ» ለሚለው ለእንግሊዝኛው ተመሳሳይ ነው፤ እርሱም እንዲሁ ሁለት ልብ ነውና።

ወደ ውሉ እንለፍ። ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1902) በአዲስ አበባ የተፈራረሙት ውል በመሠረቱ የኢትዮጵያና የሱዳን የወሰን ውል ነው። ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ዘምተው ያስገበሩት የቤኒሻንጉል ምድር በአብዛኛው በኢትዮጵያ በኩል እንዲሆን የሚያደርገው መሥመር የተጻፈው በመጀመሪያው አንቀጽ ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ስለ ውሃ ነው። ስለዚህ አሶሳንና ጉባን በኢትዮጵያ ወሰን ውስጥ ያጸናው ያው ወረቀት፣ በዚያ በኩል በሚያልፈው ወንዝ ላይ አንድ ግስ አኖረበት።

እንግሊዝኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ሳይስማሙ፣ ወንዙን ተሻግሮ የሚሠራና የውሃውን ፍሰት «አሬስት» የሚያደርግ ሥራ እንዳይሠሩ፣ እንዳያሠሩም ይላል። አማርኛው ደግሞ «ወንዝ ተዳር እዳር የሚደፍን ሥራ» ይላል። ውሉ በሁለቱም ቋንቋዎች እኩል መጻፉን፣ ሁለቱም ጽሑፎች ሕጋዊ መሆናቸውን ራሱ ስለሚናገር፣ አማርኛው የእንግሊዝኛው ትርጉም ብቻ ነው ሊባል አይችልም። ከዚህ በፊት በ1881 ዓ.ም. በውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ የደረሰው ነገር የታወቀ ነው፤ በዚያ አማርኛው የፈቀደውን ኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። የዚህኛው ውል ሁለት ጽሑፎች እንዲህ አይጣሉም። የተለያዩት በግሱ ተሳቢ ነው፤ ይህም ከመጀመሪያው ንባብ የሚያመልጥ ልዩነት ነው።

«ደፈነ» ተሳቢው ክፍተት ያለው ነገር ነው። ቀዳዳ፣ ጉድጓድ፣ ጆሮ ይደፈናል። «ድፍን» ክፍተት የሌለው ማለት ሲሆን፣ ከዚህም «ድፍን ቅል» እና «ድፍን አገር» ወጥተዋል። እንቅስቃሴ ግን ይገታል ወይም ይቆማል እንጂ አይደፈንም። የአማርኛው ውል የሚደፈነውን «ወንዝ» አለ፤ ወንዙን እንደ መተላለፊያ ቦይ አየው ማለት ነው። እንግሊዝኛው ግን በግሱ ሥር ያስቀመጠው ፍሰቱን ነው። በአማርኛው የሚፈርድ ሰው የሚያየው ግንቡን ነው፤ በእንግሊዝኛው የሚፈርድ ሰው ውሃውን መለካት አለበት።

«ተዳር እዳር» የሚለውም ያሳስባል። «ተ» በ«ከ» ቦታ የገባበት ይህ አነጋገር ዛሬ በጽሑፍ ቋንቋችን «ከዳር እስከ ዳር» ሆኗል። «አገሩ ከዳር እስከ ዳር ተነሣ» ስንል «ፈጽሞ፣ ሳይቀር» ማለታችን ነው። በዚህ ፍቺ ከሄድን፣ የተከለከለው ወንዙን ፈጽሞ መድፈን ነው፤ ማሳለፊያ ያለው ሥራ ከክልከላው ውጪ ይሆናል። ነገር ግን «ወንዝ» አጠገቡ ሲቆም «ዳር» የወንዝ ዳር መሆኑ የቀረበ ነው፤ በዚህ ፍቺም ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው የተዘረጋ ግንብ ሁሉ ይጠረጠራል። እኛ ሁለተኛውን ፍቺ ለጊዜው አነጋገር የቀረበ አድርገን እንወስዳለን። ስለዚህ አማርኛው በሁሉም በኩል ለእኛ ይበልጥ ይመቻል የሚለውን አስተያየት አንቀበልም። ስለ ሥራው ቅርጽ ከሆነ ከእንግሊዝኛው ይጠብቃል። ስለ ውሃው መጠን መቀነስ ግን ምንም አይልም።

እንግሊዝኛውስ ስለ መቀነስ ይናገራልን? እዚህ ላይ ተመሳሳይ ቃላትን ከመዝገበ ቃላት ይልቅ በዘመኑ ውሎች ውስጥ ማወዳደር ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1891 እንግሊዝና ኢጣልያ ባደረጉት ስምምነት፣ ኢጣልያ በአትባራ ላይ ፍሰቱን በሚታወቅ ሁኔታ «ሞዲፋይ» የሚያደርግ፣ ማለት የሚለውጥ ሥራ እንዳትሠራ ተስማማች። በ1906 ከኮንጎ መንግሥት ጋር በሎንዶን የተደረገው ስምምነት ስለ ሰምሊኪ ወንዝ ሲናገር የውሃውን መጠን «ዲሚኒሽ»፣ ማለት የሚያሳንስ ይላል። የ1929ኙ የእንግሊዝና የግብፅ ስምምነት ደግሞ ወደ ግብፅ የሚደርሰውን ውሃ መቀነስን፣ የሚደርስበትን ጊዜ መለወጥንና ከፍታውን ማውረድን አንድ በአንድ ዘረዘረ። እንግሊዞች ለለውጥ፣ ለማሳነስና ለማቆም የተለያዩ ቃላት እንደነበሯቸው፣ አንዱንም በአንዱ ፈንታ እንዳልጻፉ ከዚህ ይታያል። በ1902 የመረጡት ማቆምን ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ በአስዋን የሠሩት የመጀመሪያው ግድብ ተፈጸመ፤ ዓባይን ከዳር እስከ ዳር ያቋረጠ ሆኖ 180 የውሃ ማሳለፊያ በሮች ነበሩት፤ የክረምቱ ሙላት በነዚያ ያልፍ ነበር። ስለሆነም ወንዝን የሚያቋርጥ ሥራና ፍሰትን የሚያቆም ሥራ በእነርሱ ዘንድ ሁለት ነገሮች ነበሩ ለማለት በቂ ምክንያት አለን።

ጉዳዩ ወደ ሦስተኛ ቋንቋ ሲሻገር ሌላ መልክ ይይዛል። በአሶሳና በአካባቢው ከበርታ ቋንቋ ጎን ዐረብኛ ለረጅም ጊዜ መግባቢያ ሆኖ ኖሯል። የአገሩ ስም እንኳ በበርታ «በላ ሻንጉል»፣ ማለት የሻንጉል ድንጋይ የነበረው፣ በዐረብኛ ጆሮ «በኒ» ተብሎ የልጆች ስም መስሏል። እንግሊዝኛው ሰማያዊ ያለውን ወንዝ አማርኛው «ጥቁር ዓባይ» ማለቱም በሱዳን ዐረብኛ «አዝረቅ» ለሁለቱም ቀለሞች እንደሚነገር ለሚያውቅ አያስደንቅም። አሁን «የሚደፍን ሥራ» የሚለውን ወደ ዐረብኛ የሚመልስ ሰው ምን ይላል? በቀጥታ የሚመጣለት «ሰድ» ነው። የዚህ ቃል ሥር መድፈን ነው፤ በነጭ ዓባይ ላይ ውሃውን የሚዘጋው የደንገል ረግረግ «ሱድ» የተባለውም ከዚሁ ነው። ዳሩ ግን «ሰድ» ዛሬ የማንኛውም ግድብ ስም ነው። ተርጓሚው አንድም ቃል ሳያጓድል የክልከላውን ወሰን ያሰፋዋል፤ ፍሰትን ማቆም የነበረው ግድብ መሥራት ይሆናል።

በአማርኛም ተመሳሳይ አደጋ አለ። «ገደበ» ወሰን ማበጀት ነው፤ «የጊዜ ገደብ»፣ «በገደብ መለቀቅ» ከዚሁ ናቸው። ይህ ቃል በሦስተኛው አንቀጽ የለም። እንግሊዝኛውን ብቻ ይዞ ወደ አማርኛ የሚመልስ ጸሐፊ ግን «ፍሰቱን የሚገድብ ሥራ» ለማለት ይቀናዋል። አንባቢም መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለውን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የሕዳሴ ግድብ ወዲያው ያስባል። ምኒልክ ያልፈረሙበት ቃል በስማቸው ይገባል ማለት ነው። የዚህ ግድብ ዋናው ግንብ 1,780 ሜትር ይረዝማል፤ በቅርጹ ከዳር እስከ ዳር ነው። ውሃው ግን በተርባይኖቹና በማስተንፈሻዎቹ ያልፋል። አማርኛውና እንግሊዝኛው የሚለያዩበትን ነጥብ ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሚያደርግ ምሳሌ አይገኝም።

ስለዚህ በመዝገበ ቃላቱ በ«አሬስት» ሥር ለሰው «መያዝ»፣ ለልብ «መቆም»፣ ለሂደት «መግታት»፣ ለውሃ ፍሰት ደግሞ «ማቆም» እንዲገባ ሐሳብ እናቀርባለን። ለመጨረሻው «መግታት» ያልመረጥነው መቀነስን ጭምር ስለሚያስገባ ነው። የ1894ቱ ውል ሲጠቀስ ግን ከነዚህ አንዱም አያስፈልግም፤ የአማርኛው ጽሑፍ ስላለ በትእምርተ ጥቅስ «ተዳር እዳር የሚደፍን» ተብሎ እንደነበረ ይጻፍ፤ «ተ»ም ወደ «ከ» አይታረም።