ቀብድ የከፈሉት

እንግዲህ ስሙኝ። የዛሬው ትረካዬ የሚነሳው ከዘነበወርቅ ነው። በጅማ መንገድ ወደ አየር ጤና ስታቀኑ የምታገኙት ሰፈር ነው፤ ስሙንም የወረሰው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በኋላም በ1958 ዓ.ም. እዚያው አለርት ተቋቋመና ከአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ማዕከል ሆነ።

ሕመምተኛው ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከወለጋ፣ ከሸዋ እየተነሳ ይመጣል። ይታከማል፣ ይድናል። ድኖስ ወዴት ይሂድ? አገሩ ቢመለስ በር የሚከፍትለት የለም። ስለዚህ ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ጎጆ ይቀልሳል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ልጅ ያሳድጋል። ሰፈሩ የቆመው እንዲህ ነው። እናቶች ጥጥ ይፈትላሉ፣ አባቶች ሸማ ይሠራሉ፣ ጥልፍ የሚጠልፉም አሉ፤ አቅም ያጣው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይቀመጣል። ሙያ ሞልቶ ገዢ የጠፋበት ሰፈር ነበር። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ትረካዬ ሁሉ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

ቤተልሔም ጥላሁን ያደገችው እዚህ ነው። ወላጆቿ የሆስፒታል ሠራተኞች ነበሩ፤ አባቷ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ እናቷ ምግብ አብሳይ። ልጅቱ ዩኒቲ ገብታ አካውንቲንግ ተማረች። ትምህርቷን ጨርሳ ዘወር ስትል ግን ሰፈሩ እንደነበረ ነው፤ ፈታይዋ አለች፣ ሸማኔው አለ፣ ሥራው የለም።

ጊዜው 1997 ዓ.ም. ነው። ዘጠና ሰባትን የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። አገሩ በምርጫ የተወጠረበት፣ በሰኔ ወር ደም የፈሰሰበት ዓመት። ነጋዴው ዕቃ ከማዘዙ በፊት «ነገ ሱቄን እከፍት ይሆን?» እያለ የሚያድርበት ጊዜ። በዚያ ዓመት ነው እንግዲህ አንዲት በሃያዎቹ አጋማሽ ያለች ወጣት ጫማ እሠራለሁ ብላ የተነሳችው።

ጫማ ስላችሁ የሚያብረቀርቅ የቆዳ ጫማ እንዳይመስላችሁ። መነሻዋ በረባሶ ነው። አሠራሩን ያላያችሁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ያለቀለት የመኪና ጎማ ይሰነጠቅና ይዘረጋል፤ የእግሩ ልክ በጠመኔ ይሰመርበታል። ጎማ በደረቅ ቢላ አይቆረጥም፣ ስለቱን ይይዘዋል፤ ስለዚህ ቢላውን ውኃ እየነከሩ፣ ቀስ እያሉ፣ መስመሩን እየተከተሉ ይሄዳሉ። ማሰሪያው ከከመነዳሪ ይወጣል። ሶሉ ጠርዝ ላይ ጠባብ ቀዳዳ ይበጅና ማሰሪያው በግድ ሾልኮ ገብቶ ይወጠራል። ገበሬው አርሶበታል፣ ወዛደሩ ድንጋይ ተሸክሞበታል፤ ጣሊያንን የተዋጉ አርበኞችም ተጫምተውታል። አገሩ በሙሉ የሚያውቀው፣ አገሩ በሙሉ የድሃ ጫማ ብሎ የተወው ነገር ነው።

እሷ ታዲያ ሶሉን ከጎማው ወሰደች፤ የላዩን ከሰፈሯ። የሰፈሯ እናት ባዘቶውን በአንድ እጇ ይዛ፣ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሹራ ስትለቀው ማጉ እየቀጠነ ይወርዳል። ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከቶ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይሰዳል። ለነጠላና ለጋቢ የኖረው ይህ እጅ ለጫማ የሚሆን ጠንካራ ጨርቅ መሥራት ጀመረ። ድርጅቱንም ሶልሬብልስ አለችው።

የት ትሥራ? የአያቷ ቦታ ላይ፣ እዚያው ዘነበወርቅ። በምን ገንዘብ? ከቤተሰብ በተሰበሰበ፣ ከ10 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ባልዘለለ ገንዘብ። በስንት ሰው? በ5 ሠራተኛ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ እኔ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ባንክ ቢሄዱ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማስያዣ ነው። የቤት ካርታ አላችሁ? የመኪና ሊብሬ አላችሁ? ገና ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ይህን ከየት ያመጣል? ዘመድ ግን ወረቀቱን ትቶ ልጅቷን ያያል። አንድም ጫማ ሳይሸጥ፣ ሥራው ይሳካ አይሳካ ሳይታወቅ፣ ቦታ የሰጠና ገንዘብ ያዋጣ ሰው ቀብድ ከፍሏል። ያላየውን ዕቃ አምኖ ከፍሏል። እናም እላችኋለሁ፣ ስለ ሥራ ፈጣሪ ስናወራ ስሙ የማይነሳው ይህ ሰው ነው።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። አገር ውስጥ በረባሶን በደህና ዋጋ የሚገዛ አልነበረምና ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። በኢሜይል ውጭ አገር ላሉ የጫማ ሻጮች ጻፈች፣ ናሙና ላከች። አሜሪካ በአጎዋ ሕግ ከአፍሪካ ለሚገባ ዕቃ ቀረጥ ታነሳ ነበርና በዚያ በር ገባች። ጫማው በአማዞን ተሸጠ፣ በአሜሪካው ሆል ፉድስ መደብር መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ ውሎ አድሮ ታይዋን ውስጥ በስሙ ሱቅ ተከፈተለት። 5 የነበረው ሠራተኛ ከ100 አለፈ።

መንገዱ ግን እንዲህ እንደማወራው ለስላሳ አልነበረም። 2000 ዓ.ም. መጣ፤ የጤፍ ዋጋ ሰማይ ነካ፣ ደሞዝተኛው እንጀራ መቁጠር ጀመረ። 2001 ሲጠባ ደግሞ የአሜሪካ ትልልቅ ባንኮች ተንኮታኩተው ዓለም ኪሱን ቆለፈ። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ መብራት በፈረቃ ሆነ፤ ስንቱ ወፍጮ፣ ስንቱ ብረት ቤት ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ዋለ። እንዝርት ግን መብራት አይፈልግም። የሸማኔው ጉድጓድም እንዲሁ። የአያቶች ሙያ፣ ኋላ ቀር ተብሎ የተናቀው፣ በጨለማው ቀን ሥራ አላስፈታም። ቤተልሔም በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም የኢኮኖሚ ፎረም ከወጣት መሪዎች አንዷ ተብላ ተመረጠች፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ሽልማት አልዘረዝርላችሁም፣ ብዙ ነው። ሽልማት ደግሞ የሚመጣው ሰው ከተሻገረ በኋላ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ገና ወንዙ መሃል ያለው ልጅ ነው።

ሌላም ልጨምርላችሁ፤ ይሄኛው አጭር ነው። ሳምራዊት ፍቅሩ ከአሰላ የመጣች የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። አምሽታ ከሥራ ስትወጣ ታክሲ ማግኘት መከራ ነው፤ ቢገኝም ዋጋው በባለታክሲው አፍ ነው፣ ሴት ልጅ ብቻዋን በማታ ከማታውቀው ሰው ጋር መሳፈሯም ስጋት ነው። ይህንን ችግር ይዛ በ2014 እ.ኤ.አ. ሃይብሪድ ዲዛይንስን አቋቋመች፣ ከዚያም ራይድ የተባለው የታክሲ መጥሪያ መጣ። ልብ በሉ፣ የመጀመሪያው ራይድ አፕ አልነበረም፤ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚሠራ ነበር። የብዙ ሰው እጅ ላይ ያለው ስልክ ለዚያ ነበር የሚሆነው። በኋላ አፑ ሲመጣም ባለ ተራ ስልኩ ሰው አልተተወም፤ 8294 ደውሎ መኪና ማዘዝ ይችላል። እንዲህ ነው ሥራ ፈጣሪ ማለት፤ ደንበኛው ከቆመበት ድረስ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዛሬ ልምጣ።

የዛሬውን ኑሮ ለእናንተ መንገር አይጠበቅብኝም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ አደረገ። ዋጋ ንረትን ለመያዝ የታሰበ ነበር፤ ምክንያት ነበረው። ግን ብድር ሲጠብ ከሰልፉ ቀድሞ የሚወጣው ማን ነው? ካርታ የሌለው ልጅ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የተሻገሩትም ቢሆኑ አልዳኑም፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ ስትወጣ ወደ አሜሪካ ይልኩ የነበሩ ሁሉ ቀረጡ ተጫናቸው፣ በየኢንዱስትሪ ፓርኩ ስንት ወጣት ሴት ሥራዋን አጣች።

በእንዲህ ያለው ጊዜ ጥቃቅንና አነስተኛ በሰጣት ሼድ ውስጥ ጫማ የምትሠራ ልጅ አስቡ። ማስቲሹ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ሶሉ ከውጭ ነው፣ ክሩም ዘለበቱም። ሰኞ መርካቶ ወርዳ ዋጋ ትጠይቃለች፤ በዚያ ዋጋ አስልታ ለደንበኛዋ ሒሳብ ትነግራለች። ሐሙስ ዕቃውን ልትገዛ ስትሄድ ሻጩ ራሱን ይነቀንቃል፦ «እሱ የሰኞ ዋጋ ነው እህቴ።» ትርፏ በሦስት ቀን ውስጥ በነነ። ሰኞ ዕለት ደንበኛዋ ግማሹን ቀብድ ሰጥቷት ቢሆንስ? ያኔውኑ ዕቃዋን ገዝታ ታስገባ ነበር። ሥራዋ የሚተርፈውም የሚወድቀውም እዚህች ላይ ነው። ሥልጠና እንሰጣለን፣ ውድድር እናዘጋጃለን፣ ፎቶ እንነሳለን፤ ይሁን፣ አልጠላውም፣ ለብዙ ልጅ ልብ ሰጥቷል። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ወጥቶም ማሽንን፣ ከብትን፣ የሚሰበሰብ ክፍያን ማስያዣ ማድረግ በሕግ ተፈቅዷል፤ መልካም ሕግ ነው። ለልጅቷ ግን ከሁሉ የሚቀርባት ፊት ለፊቷ የቆመው ገዢ ነው። እኔና እናንተ ነን።

እኛስ ምን እናደርጋለን? ዘመድ ሱቅ ሲከፍት «ለእኔማ የዘመድ ዋጋ አድርግልኝ» እንላለን። በባዕድ ሱቅ የተጻፈውን ዋጋ ያለ ቃል የምንከፍል ሰዎች የእህታችንን ልጅ እንከራከራለን። በዱቤ ወስደን «ደሞዝ ሲወጣ» እንላለን። መሥሪያ ቤቶችማ ዕቃውን ተረክበው፣ ፊርማ እየጎደለ፣ የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነው እየተባለ፣ ወራት ያስጠብቃሉ። ልጅቷ በእነዚያ ወራት ኪራይ ትከፍላለች፣ የሠራተኛ ደሞዝ ትከፍላለች፣ የዕቁቧ ዕጣ ሳይወጣላት መዋጮ ትጥላለች። በችግር ጊዜ የወጣት ሥራ የሚሞተው ገበያ በማጣት ብቻ አይደለም፤ ሽጦ ገንዘቡን ባለመቀበልም ይሞታል። ይህ ያንገበግበኛል። የሌላ ሰው ልጅ ጉልበት ያለ ወለድ ተበድረን፣ መልሰን ወጣቱ አይሠራም እያልን እንማረራለን።

የሚያኮራም አለ፣ ዝም ብዬ አላልፈውም። ሽሮ ሜዳ ውጡ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች እናት ለልጇ ሠርግ፣ ቴል አቪቭ ያለች ሙሽራ ለመልሷ፣ ዱባይ የምትሠራ እህት ለእናቷ፣ የሐበሻ ቀሚስ በስልክ ያዛሉ። ጥለቱን በፎቶ መርጠው፣ ልካቸውን ልከው፣ ቀሚሱን በዓይናቸው ሳያዩ ግማሹን ይከፍላሉ። በዚያች ግማሽ ክፍያ ሸማኔው ክሩን ይገዛል፣ ጠላፊዋ መርፌዋን ታነሳለች፣ ልብስ ሰፊዋ የሱቋን የወር ኪራይ ትከፍላለች። አንድ ቀሚስ ስንት ቤት እንደሚያበላ ቁጠሩት። እነዚህን እናቶችና እህቶች ሥራ ፈጣሪን ደገፉ ብሎ መድረክ ላይ የሚጠራቸው የለም፤ እኔ ግን ዛሬ እየጠራኋቸው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሞክሮ የዘጋ ልጅ ሰፈራችሁ አለ? የሠራተኞቹን ደሞዝ ከፍሎ፣ የሰው ዕዳ መልሶ፣ ሸተሩን አውርዶ ቤቱ የገባ? «ከሰረ» ብላችሁ አትለፉት። በዚህ ዘመን አንድ ዓመት ለሦስት ሰው ደሞዝ የከፈለ ወጣት ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ቡና ላይ ጥሩት፣ ምን እንዳስቸገረው ጠይቁት፣ የሚያውቀውን ለሚጀምሩት እንዲነግር አድርጉት። ነገ እንደገና ሲከፍት የሚያስፈልገው ልምድ በእጁ አለ፤ የሚጎድለው ደንበኛ ነው።

በዓል ሲደርስ ለልጆች ጫማ ይገዛል፣ ለቤቱ አዲስ ነገር ይገዛል። ከሰፈራችሁ ልጅ የምታዙ ከሆነ ዋጋውን ስትነግራችሁ እሺ በሉ። ግማሹን እዚያው በቴሌብር ላኩላት፣ ማስቲሹ ሳይወደድ መርካቶ ትውረድበት። ቀሪውንም ጫማውን በተረከባችሁበት ሰዓት ክፈሉ፤ «ነገ ብቅ እላለሁ» ሳትሉ።