ካይሮፕራክቲክና የተጫነ ነርቭ

ካይሮፕራክቲክ፣ ስሙ «እጅ» እና «ተግባር» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተውጣጣ፣ የአከርካሪን አንጓዎች በእጅ እየገፉ ሕመምን ለማቃለል የሚጥሩበት ጥበብ ሲሆን፣ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በአዮዋ ግዛት፣ በዳቨንፖርት ከተማ መሠረተው። ደዌ ሁሉ ማለት ይቻላል ከአንጓ መዛነፍ ይመነጫል ሲል ያስተማረው ግን በምርምር አልጸናም።

ከኅብለ ሰረሰር ግራና ቀኝ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ፤ በአንጓዎች መካከል ያለው ዲስክ ከስፍራው ወጣ ሲል፣ ወይም አጥንቱ በዕድሜ ብዛት ጉጥ ሲያበቅል፣ መውጫቸው ይጠብባቸውና ከአንገት እስከ ጣት፣ ወይም ከመቀመጫ እስከ እግር ጫፍ የሚወርድ እሳት የመሰለ ሕመምና ድንዛዜ ይነሣል። የካይሮፕራክቲክ ባለሙያው ታማሚውን በጎኑ አስተኝቶ፣ የላይኛውን ጉልበት አጥፎ፣ አንድ እጁን በትከሻው ሌላውን በወገቡ አኑሮ አጭርና ፈጣን ግፊት ሲሰጥ «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ይህም ብዙዎች እንደሚያምኑት አጥንት ወደ ቦታው ሲመለስ የሚሰማ ሳይሆን፣ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ከሚፈጠር የጋዝ አረፋ የሚመጣ ነው። ወገቡን የታመመ መጠነኛ ዕረፍት ሊያገኝ ይችላል፤ ነገር ግን አብዛኛው ሕመምተኛ ያለዚህም በሳምንታት ውስጥ ስለሚሻለው፣ ፈውሱን ሁሉ ለእጅ መስጠት አይገባም። አንገትን በኃይል መጠምዘዝ፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ ከደም ሥር መሰንጠቅ ጋር ተያይዞ ታይቷል። ሽንቱን መቆጣጠር የተሳነው፣ በጭኖቹ መካከል የደነዘዘው ወይም እግሩ ዕለት ዕለት የሚዝልበት ሰው ግን ለማንም እጅ ወገቡን ሳይሰጥ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።